በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ለወረዳ ሥራ፦ የትክክለኛነቱ ልዩነት ይበልጣል ወይስ የባትሪው?

ሰብለ_መሬት
ሰኞ፣ ከቀኑ 5፡20

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ወረዳ መሬት አስተዳደር ውስጥ ነው። ዘንድሮ ለመስክ ሥራ በእጅ የሚያዙ ጂፒኤሶች እንድንገዛ በጀት ተፈቅዶልናል፤ ስፔስፊኬሽኑን አዘጋጅቶ ለግዥ ክፍል ማቅረብ ደግሞ ለእኔ ደርሶኛል። እስካሁን የምንጠቀመው የጋርሚን ካምፓኒ ጂፒኤስማፕ 64ኤስ ነው፤ ከታች የምጠቅሳቸው ሞዴሎችም የዚያው ካምፓኒ ናቸው። የጎማ ቁልፎቹ ተበልተዋል፣ ግን አሁንም ይሠራሉ።

ቢሮ ውስጥ ሐሳባችን ለአራት ተከፍሏል። አንዱ ማልቲባንድ (ከአንድ በላይ ድግግሞሽ የሚቀበል) ስለሆነ 65ኤስ ይገዛ ይላል። ሌላው ባትሪው 180 ሰዓት ይሄዳል ተብሎ ስለተጻፈ 67 ካልሆነ አይሆንም ባይ ነው። ሦስተኛው ኢትሬክስ ኤስኢ ይሻላል፣ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ በሁለት ደብል ኤ ድንጋይ 168 ሰዓት ይሠራል ይላል። ወጣቶቹ ደግሞ ስልክ እያለ ጂፒኤስ ለምን ይገዛል ይላሉ።

ሁኔታችንን ልንገራችሁ። ከቀበሌዎቻችን ግማሾቹ መብራት የላቸውም፤ ያላቸውም አንዴ ከጠፋ ቀናት ይቆያል። ባለሙያው ከወጣ ሳምንቱን እዚያው ያድራል። መሬቱ ገደላማ ነው፣ ባሕር ዛፍ ሞልቶበታል። እና በነዚህ መሣሪያዎች መካከል ያለው የትክክለኛነት ልዩነት ማሳ ላይ የሚታይ ነው ወይስ ማስታወቂያ ላይ ብቻ? ባትሪውስ የተጻፈለትን ያህል ይሄዳል? የተጠቀማችሁበት ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

---

ቀያሽ_ዳሞት
ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡05

ሰብለ፣ ከትክክለኛነቱ ልጀምር። ሰማዩ ክፍት በሆነ ሜዳ ላይ 64ኤስን፣ ኢትሬክስንና 67ን አንድ የወሰን ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ብታስቀምጪ ሁሉም ከእውነተኛው ቦታ የሚርቁት በጥቂት ሜትር ነው። ጠዋት አንዱ ይሻላል፣ ከሰዓት ሌላው። ሥራው ሁሉ ክፍት ማሳ ላይ ለሆነ ሰው አዲስ ሞዴል በትክክለኛነት በኩል ብዙ አይጨምርለትም። ትልልቆቹ ለውጦች ቀደም ብለው መጥተዋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 አሜሪካ ሆን ብላ ሲግናሉ ላይ ትጨምረው የነበረውን ስሕተት ስታነሳ ከመቶ ሜትር ገደማ ወደ አሥርና ሃያ ሜትር ወረደ። ከዚያ እንደ 60ሲኤስኤክስ ያሉት ሲመጡ ዛፍ ሥር ሲግናል መያዝ ተቻለ። በኋላም የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮና የቻይናው ቤይዱ ሲጨመሩ ገደል ሥር ቆሞ የሚያዘው ሳተላይት በዛ።

ልዩነቱ የሚወጣው አንቺ በጠቀስሽው ቦታ ነው። ገደል ሥር ስትቆሚ ሲግናሉ በቀጥታ ብቻ አይመጣም፤ ቋጥኙን መትቶ፣ ዞሮም ይመጣል። የዞረው ረጅም መንገድ ስለተጓዘ መሣሪያው ሳተላይቱ የራቀ ይመስለውና ነጥቡን ይገፋዋል። ድሮ ሁሉም በእጅ የሚያዙት የሚቀበሉት ኤል 1 የሚባለውን 1575.42 ሜጋኸርዝ ብቻ ነበር። በዚህ ድግግሞሽ ላይ የሚላከው ኮድ አንዱ ምት ወደ 293 ሜትር ይረዝማል። ማልቲባንዶቹ የሚጨምሩት የኤል 5 (1176.45 ሜጋኸርዝ) ኮድ ግን አሥር እጥፍ ፈጣን ነው፤ አንዱ ምት 29 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ቀጥታ የመጣውን ከዞረው መለየት ይቀለዋል። 64ኤስና ኢትሬክስ ኤስኢ ኤል 5 የላቸውም። 65ኤስና 67 አላቸው። ገደል ሥር የተቀዳ ትራክ ካርታ ላይ ስታወጪው ልዩነቱን በዓይንሽ ታዪዋለሽ፤ የአንዱ መስመር መንገዱን ይዞ ይሄዳል፣ የሌላው ወንዙን ተሻግሮ ይመለሳል።

አንድ ነገር ግን ለባለሙያዎችሽ አጥብቀሽ ንገሪልኝ። ስክሪኑ ላይ «ትክክለኛነት 3 ሜትር» የሚለው ቁጥር መሣሪያው ስለራሱ የሚሰጠው ግምት እንጂ ዋስትና አይደለም። የተንጸባረቀ ሲግናል ይዞም 3 ሜትር ሊል ይችላል። ቅጽ ላይ ይህን ቁጥር እየጻፉ «ትክክለኛነቱ ተረጋግጧል» የሚሉ ሪፖርቶች ሳይ በጣም አዝናለሁ።

---

ናቲ_ማፕ
ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡10

እኔ ከወጣቶቹ ጋር ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሻኦሚ ሚ 8 ሁለቱንም ድግግሞሽ የሚቀበል ሆኖ ወጣ፤ አሁን መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ስልኮች ላይ ሳይቀር እየገባ ነው። ኤስደብሊው ማፕስ የሚባለውን የካርታ መተግበሪያ ጭኖ የሳተላይት ምስሉን ከሥር እያየ፣ ፎቶ እያነሳ፣ የባለይዞታውን ስም እዚያው እየሞላ የሚሠራ ልጅ ማታ ቢሮ ገብቶ ቅጽ ከሚገለብጠው በብዙ ይቀድማል። የስሕተቱም ቁጥር ይቀንሳል፣ ምክንያቱም በእጅ የሚጻፍ ኮኦርዲኔት የለም። ጂፒኤሱ ላይ ስም ለመጻፍ በቀስት ፊደል በፊደል መልቀም ነው።

---

መላኩ_ኤሌክትሮ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

የናቲ ነጥብ ስለ መረጃ አሞላሉ እውነት ነው። ባትሪው ላይ ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራ።

5000 ሚሊአምፕ የሚባል የስልክ ባትሪ ውስጥ ያለው ጉልበት 19 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው። ሁለት ጥሩ አልካላይን ድንጋዮች አንድ ላይ ወደ 6 ዋት-ሰዓት ይሰጣሉ። ስልኩ ሦስት እጥፍ ይዞ ሳለ ለምን ቀድሞ ያልቃል? ስክሪኑ ነው። ቀትር ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ ስልኩን ለማንበብ ብርሃኑን እስከ ጫፍ መክፈት አለብህ፤ ከጂፒኤሱና ኔትወርክ ከመፈለጉ ጋር ሲደመር ሁለት ዋትም ከዚያ በላይም ይበላል። የጂፒኤሶቹ ስክሪን ግን የፀሐይዋን ብርሃን ራሱን መልሶ የሚያሳይ ነው፤ ፀሐይ በበረታች ቁጥር ይበልጥ ይነበባል፣ የጀርባ መብራት አይፈልግም። 64ኤስ 16 ሰዓት የሚሄደው አንድ ሦስተኛ ዋት ገደማ ብቻ ስለሚበላ ነው። ደግሞም ስልክ ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ውስጥ ቀኑን ሙሉ አንቴና እየፈለገ ይውላል። ስልክ የምትጠቀሙ ከሆነ ቢያንስ የበረራ ሞድ ላይ አድርጉት፤ ጂፒኤሱ ይሠራል።

አሁን ወደ ድንጋዩ። ሰብለ፣ ስፔስፊኬሽንሽ ላይ የመሣሪያውን ዓይነት ከመጻፍሽ እኩል የድንጋዩን ዓይነት መጻፍ አለብሽ። ሱቅ ውስጥ በርካሽ የሚሸጠው «ሄቪ ዱቲ» የሚል የተጻፈበት ድንጋይ ዚንክ ካርቦን ነው። ለግድግዳ ሰዓትና ለሬዲዮ ይሆናል። ለጂፒኤስ ግን የያዘው ጉልበት ከአልካላይን በጣም ያነሰ ነው፣ በዚያ ላይ መሣሪያው ሲስበው ቮልቴጁ ቶሎ ይወርዳል። ካምፓኒው 16 ሰዓት ብሎ የጻፈው በዚህ ድንጋይ አይደለም። «ጂፒኤሱ ባትሪ ይበላል» ተብሎ የሚመለሰው መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ምንም የለበትም፤ የተጫነበት ድንጋይ ነው።

የእኔ ምርጫ ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ነው፣ ያውም ቁጭ ብሎ ቻርጁን የማያፈስ ዓይነት። ማሸጊያው ላይ 2000 ሚሊአምፕ አካባቢ ይላል፤ 3000 ነው እያለ ከሚሸጠው ስም አልባ ድንጋይ በእጅጉ ይበልጣል። ቮልቴጁ 1.2 ነው፣ የአልካላይኑ 1.5። ስለዚህ መሣሪያው ሴቲንግ ውስጥ የባትሪ ዓይነት የሚለው ላይ ኒኬል ብላችሁ ምረጡ። ይህ ካልተደረገ ሙሉ ድንጋይ ተጭኖ ሳለ ምልክቱ ግማሽ ያሳያል፣ ባለሙያውም አለቀ ብሎ ያወጣዋል።

---

ሰመራ_ጂኦ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

እኔ አፋር ውስጥ ነው የምሠራው፣ ስለ ውስጣዊ ባትሪ (67፣ 66ኤስአር) ልናገር። ሊቲየም አዮን ባትሪ በጠቅላላው ከ45 ዲግሪ በላይ ሙቀት ላይ ቻርጅ እንዲደረግ አልተሠራም። እኛ ጋ በሞቃቱ ወራት ይህ የመኪናው ዳሽቦርድ ሳይሆን የጥላው ሙቀት ነው። ቀን ላይ መኪና ውስጥ ቻርጅ አደርጋለሁ ብሎ ማሰብ አይቻልም፤ ማታ ቀዝቀዝ ሲል ነው። መሣሪያውን መስታወት ሥር ትቶ መውረድ ደግሞ ባትሪውን በዓመት ውስጥ ያስረጀዋል። ደብል ኤ ከሆነ ያረጀውን ጥሎ አዲስ መጫን ነው። ውስጣዊው ሲያረጅ ግን መሣሪያው አብሮ ያረጃል፤ ጎበዝ ጠጋኝ ካላገኛችሁ በቀር።

---

ቀያሽ_ዳሞት
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ሰመራ፣ የአንተን አገር ሙቀት እቀበላለሁ፤ ለደጋ ወረዳ ግን ያን ያህል አያስፈራም። 67ን ልከራከርለት። በቀን 8 ሰዓት ቢበራ፣ ስድስት ቀን ቢሠራ 48 ሰዓት ነው። ከተጻፈው ግማሹን እንኳ ቢሰጥ ሳምንቱን ሙሉ ያለ ቻርጅ ሄዶ ይተርፋል። አርብ ቢሮ ሲገባ መሰካት ነው። ድንጋይ መቁጠር፣ ድንጋይ መግዛት፣ የድንጋይ ደረሰኝ ማወራረድ ሁሉ ይቀራል። ወረዳ ላይ የሠራ ሰው የድንጋይ መግዣ ብር ለማስፈቀድ ምን ያህል ፊርማ እንደሚያስፈልግ ያውቃል።

---

ሰመራ_ጂኦ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡25

እሱስ ልክ ነው፤ ፊርማው ከሙቀቱ ይብሳል። ግን ያ ባትሪ በአምስተኛው ዓመት ምን ያህል እንደሚይዝ ጠይቅ። ወረዳ መሣሪያ የሚገዛው በየአምስት ዓመቱ አይደለም። የሰብለ 64ኤሶች ቁልፋቸው ተበልቶም የሚሠሩት ድንጋያቸው ስለሚቀየር ነው።

---

ፅጌ_ፊዚክስ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡40

እስካሁን ያልተነሳ ነገር አለ፤ ለእኛ አገር ደግሞ ከሌላው ይበልጥ የሚመለከት ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው። በዚህ መስመር አካባቢ ያለው አዮኖስፌር (በፀሐይ ጨረር ኤሌክትሪክ የሚይዘው የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል) በጣም ንቁ ነው፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ይህንኑ ለዓመታት ሲያጠና ቆይቷል።

ለጂፒኤስ ምን ማለት ነው? ሲግናሉ ከ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ሲመጣ አዮኖስፌር ውስጥ ይዘገያል። መዘግየቱ በርቀት ሲተረጎም ብዙ ሜትር ይሆናል፤ ከፍ የሚለው ከቀትር በኋላ እስከ 9 ሰዓት አካባቢ ነው። ባለ አንድ ድግግሞሽ መሣሪያ ይህን የሚያርመው ሳተላይቶቹ በሚልኩለት አጠቃላይ ቀመር ነው፤ ያ ቀመር ደግሞ በአማካይ ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው የሚያነሳው። ሁለት ድግግሞሽ የሚቀበል ግን ኤል 1ና ኤል 5 የዘገዩበትን ልዩነት ለክቶ ማረም ይችላል፤ ዝቅተኛው ድግግሞሽ ይበልጥ ስለሚዘገይ ልዩነቱ ራሱ መለኪያ ይሆናል። ስለዚህ ቀያሽ ክፍት ሜዳ ላይ ልዩነት የለም ያለውን ትንሽ ላሻሽለው። ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ በተለይም ፀሐይ በምትነቃባቸው ዓመታት፣ ማልቲባንዱ ክፍት ሜዳም ላይ ይጠቅማል።

ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት አዮኖስፌሩ ውስጥ እንደ አረፋ ያሉ ክፍተቶች ተፈጥረው ሲግናሉን ያንቀጠቅጡታል፣ ይቆራርጡታል። የሚበረታው በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ ነው። ማታ ነጥብ የሚወስድ የመሬት ባለሙያ ባይኖርም፣ ማታ ጎጆ ደጃፍ ላይ መሣሪያ ፈትሾ «ይዘላል፣ ተበላሽቷል» የሚል አይጠፋም። ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት የሚወሰድ ነጥብ ይመረጣል።

---

ጋሽ_ትሪፖድ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡50

ልጆቼ፣ ውይይታችሁ ደስ ብሎኛል። እናንተ ግን ስለ ሁለት ሜትር ስትከራከሩ ሁለት መቶ ሜትር በጎን እያለፈ ነው።

የአገራችን ባለ 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት በአዲንዳን ዴተም (ኮኦርዲኔት የሚቆጠርበት መነሻ) ነው፤ ክላርክ 1880 በሚባለው ኤሊፕሶይድ (የምድር ቅርጽ ሞዴል)። ጂፒኤስ ከፋብሪካ ሲወጣ ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ሌላ ዴተም ላይ ነው። የሁለቱ ልዩነት በአገራችን ከ200 ሜትር በላይ ይሆናል፣ ካርታው ላይ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ማለት ነው። በአዲንዳን የተወሰደን የዩቲኤም (በሜትር የሚቆጠር ኮኦርዲኔት) ቁጥር ደብሊውጂኤስ ነው ብላችሁ ምስል ላይ ብታስቀምጡት ወደ ደቡብ፣ ትንሽም ወደ ምዕራብ ሸሽቶ ይወድቃል። የአንዱ ገበሬ ማሳ የጎረቤቱ ላይ፣ አልፎም ወንዝ ውስጥ ይገባል። ይህን ማልቲባንድ አያድነውም። በኔ ዘመን አንድ ወረዳ ውስጥ ግማሹ ባለሙያ በአዲንዳን፣ ግማሹ በደብሊውጂኤስ ይዞ መጥቶ ፋይሉን ለመለየት ወራት ፈጅቷል።

ሴትአፕ ውስጥ ገብታችሁ ፖዚሽን ፎርማት የሚለውን ክፈቱ። እዚያ ፎርማቱም ዴተሙም አለ። ሁሉም መሣሪያ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ቅጹም ላይ የዴተም ስም የሚጻፍበት ቦታ ይኑረው። የዩቲኤም ዞኑንም አትርሱ፤ አገራችን 36፣ 37 እና 38 ላይ ናት። መሐል አገር 37 ነው ብሎ ሁሉንም 37 የሚሞላ ሰው ጅግጅጋ ሲሄድ ይቸገራል።

---

ሰብለ_መሬት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ የመልስዎን ሐሳብ ይዤ አራቱን መሣሪያዎች ከፍቼ አየሁ። ሦስቱ ደብሊውጂኤስ 84፣ አንዱ አዲንዳን ናቸው። ማን፣ መቼ እንደቀየረው የሚያውቅ የለም።

---

የስሜን_መንገደኛ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡00

እኔ ቱሪስት ይዤ ስሜን ተራሮች ነው የምሄደው፣ ከሳንቃበር ግጭ፣ ከግጭ ጨነቅ። ለእናንተ የሚጠቅም ሁለት ነገር አለኝ።

የመጀመሪያው ብርድ ነው። ሌሊት ላይ አልካላይን ድንጋይ ብርዱ ስለሚያደክመው ጠዋት መሣሪያውን ስታበራው ያለቀ ይመስላል። አይጣል፤ ኪስ ውስጥ ይሙቅና ተመልሶ ይሠራል። እኔ ማታ ድንጋዩን አውጥቼ የመኝታ ከረጢቴ ውስጥ ይዤ አድራለሁ። ሊቲየም ደብል ኤ (ቻርጅ የማይደረገው፣ 1.5 ቮልት) ብርድ አይነካውም፣ ክብደቱም ከአልካላይን በጣም ቀላል ነው። ዋጋው ግን ውድ ነው፣ እዚህም በቀላሉ አይገኝም፤ የማገኘው ከውጭ ከሚመጡ ሰዎች ነው። ለወረዳ በጀት አይሆንም፣ ለመጠባበቂያ አንድ ጥንድ ቢኖር ግን ጥሩ ነው።

ሁለተኛው፣ ትራክ የሚቀዳ ሰው ብዙውን ባትሪ የሚጨርሰው ስክሪኑን ደጋግሞ በማብራት ነው። የጀርባ መብራቱን 15 ሰከንድ ላይ አድርጉት። የኮምፓሱንም ሴቲንግ እዩት። ዋስ/ኤግኖስ የሚለውን እኔ አጥፍቼዋለሁ፤ አንዱ ለሰሜን አሜሪካ፣ ሌላው ለአውሮፓ የተሠራ ማስተካከያ ነው። አዲሶቹ ላይ ያለው የኤክስፒዲሽን ሞድ ደግሞ ስክሪኑን አጥፍቶ ነጥቡን አራርቆ ይቀዳል፤ 67 ላይ 840 ሰዓት የሚባለው ቁጥር የዚህ ነው። ለረጅም ጉዞ ግሩም ነው፤ የማሳ ዙሪያ ለመለካት ግን ፈጽሞ አይሆንም፣ ማዕዘኖቹን ይዘላቸዋል።

---

ዴንቨር_ነኝ
ረቡዕ፣ ሌሊት 9፡10

ከኮሎራዶ ነው የምጽፈው፤ እዚህ በትርፍ ጊዜዬ ተራራ እወጣለሁ፣ 65ኤስም 64ኤስም ይዣለሁ። ካንየን ውስጥ ቀያሽ ያለው ሁሉ እውነት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፦ 65ኤስ ማልቲባንዱ ሲበራ ድንጋዩን ከ64ኤስ ቶሎ ይጨርሳል። ሁለቱም ወረቀት ላይ 16 ሰዓት ነው የሚሉት። እኔ ክፍት መንገድ ላይ ስሄድ ማልቲባንዱን አጥፍቼ ጂፒኤስ ብቻ አደርገዋለሁ፤ ገደል ስገባ አበራዋለሁ።

ከውጭ ሰው ይዞላችሁ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ፣ መጀመሪያ ቀን ሲግናል አልያዘም ብላችሁ አትደንግጡ። መሣሪያው የሚያስታውሰው የኮሎራዶን ሰማይ ነው። የሳተላይቶቹን ሙሉ ዝርዝር እንደገና ለመቀበል 12 ደቂቃ ተኩል ይፈልጋል። ሜዳ ላይ አስቀምጡት፣ ሃያ ደቂቃ ተዉት። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ደግሞ ቀኑን ያረጋግጥ፤ በሚያዝያ 2019 እ.ኤ.አ. የጂፒኤስ የሳምንት ቆጠራ ወደ ዜሮ ሲመለስ አንዳንድ አሮጌ መሣሪያዎች ቀናቸው ወደ ኋላ ሄዷል። ቦታው ልክ ሊሆን ይችላል፣ ሪፖርቱ ላይ የሚወጣው ቀን ግን ይሳሳታል።

---

ናቲ_ማፕ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ሁሉም ጥሩ። ግን ዋናው ጥያቄ ለምን አይነሳም? በጥቂት ሜትር የሚስት መሣሪያ የገበሬ ማሳ ስፋት እንዴት ይለካል? ሩብ ሄክታር፣ ማለትም አንድ ጥማድ፣ 50 በ50 ሜትር ነው እንበል። በየጎኑ ሁለት ሜትር ቢጨምር 52 በ52 ይሆናል፤ 2704 ካሬ፣ ስምንት በመቶ ብልጫ። የጓሮ ቦታ 10 በ10 ቢሆንስ? 12 በ12 ሲሆን 144 ካሬ ነው። ይህ ሰው በ44 በመቶ ሊጣላ ነው።

---

ማሳ_ለኪ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 5፡45

ናቲ፣ ስጋትህ ትንንሽ ቦታዎች ላይ ልክ ነው። ትልልቆቹ ላይ ግን ሒሳቡ እንዲያ አይሄድም፤ ለምን እንደሆነ ላስረዳህ። እኔ በግብርና ናሙና ጥናት ላይ በገመድና በኮምፓስም፣ በጂፒኤስም ለክቻለሁ።

አንድን ማሳ ዞረህ የምትጨርሰው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ፅጌ የነገረችን የአዮኖስፌር መዘግየትም፣ የሳተላይቶቹ የምሕዋር ስሕተትም ብዙ አይቀየርም። ስለዚህ አራቱም ማዕዘኖች ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በተቀራራቢ መጠን ይገፋሉ። ማሳው በሙሉ ተነሥቶ ሦስት ሜትር ወደ ሰሜን ይሄዳል እንጂ አይሰፋም። ቅርጹና ስፋቱ ከሞላ ጎደል ይጠበቃል። የዓለም ባንክና ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ በኢትዮጵያ፣ እንዲሁም በናይጄሪያና በታንዛኒያ በተደረጉት ንጽጽሮች ላይ በጂፒኤስ የተለካው ስፋት በአማካይ ከገመድና ኮምፓሱ ጋር በጣም የተቀራረበው፣ ጊዜውም በብዙ ያጠረው ለዚህ ነው። ገመድና ኮምፓስ ብዙ ማዕዘን ያለው ማሳ ላይ ግማሽ ቀን ያስፈጃል።

ይህ የሚሆነው ግን በአንድ ዙር፣ በአንድ መሣሪያ፣ ሳያቋርጡ ከተለካ ነው። ሁለቱን ማዕዘን ጠዋት፣ ሁለቱን ከሰዓት የወሰደ ሰው የናቲን 8 በመቶ ያገኛል። ዛፍ ሥር ያለ ማዕዘንም እንደዚሁ፣ እሱ ብቻ ተነጥሎ ይዘላል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ መሣሪያውን አብርቼ ሳተላይቶቹ እስኪረጉ ድረስ ጥቂት ደቂቃ እጠብቃለሁ፤ በደረቴ ሳይሆን ከትከሻዬ በላይ ይዤ፣ ዳሩን ተከትዬ በእርጋታ እዞራለሁ፤ ማዕዘን ላይ ስደርስ ቆም እላለሁ። ዞሬ የተነሣሁበት ላይ ስደርስ ትራኩ ከመነሻው ጋር ካልገጠመ፣ ድጋሚ እዞራለሁ። ባለይዞታው አብሮኝ ይዞራል፤ የት የት እንደቆምኩ ማየቱ ከቁጥሩ ይልቅ ያሳምነዋል።

የጓሮ ቦታ፣ የከተማ ቦታ፣ ካሳ የሚከፈልበት ጠባብ መሬት ግን በእጅ በሚያዝ አይለካ። እሱ በሜትር ገመድ፣ ካልሆነም ሴንቲ ሜትር በሚለካው በአርቲኬ ነው።

---

ቀያሽ_ዳሞት
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡20

ማሳ_ለኪ ያለውን በጣም እደግፋለሁ። የተገላቢጦሹንም ልጨምር፦ ስፋቱ ትክክል ሆነ ማለት የወሰን ድንጋዩ ኮኦርዲኔት ትክክል ነው ማለት አይደለም። በሁለት ዓመቱ ክርክር ሲነሣ «ቁጥሩ እዚህ ነው የሚለው» ተብሎ ድንጋይ የሚነቀል ከሆነ፣ ያ ቁጥር የመጀመሪያ ቀን ላይ ሦስት አራት ሜትር ተገፍቶ ሊሆን ይችላል፣ የዛሬውም ቁጥር እንደዚሁ በሌላ አቅጣጫ። ለወሰን ድንጋይ ነጥቡን በአማካይ ውሰዱ። ጋርሚኖቹ ላይ ዌይፖይንት አቬሬጅ የሚል አለ። ካምፓኒው ራሱ የሚመክረው ከአራት እስከ ስምንት ጊዜ፣ በየመካከሉ ቢያንስ 90 ደቂቃ እያሳለፉ ነው። ለሁሉም ድንጋይ አይቻልም፤ ክርክር ላለበት ግን ይቻላል። አንዴ ቆሞ መቶ ጊዜ መውሰድ ይህን አይተካም፣ ምክንያቱም በአንድ ሰዓት ውስጥ ስሕተቱ ያው አንድ ነው።

---

ሰብለ_መሬት
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡15

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ከቡድኑ ጋር ተቀምጠን ተነጋገርን። ስፔስፊኬሽኑ ላይ የጻፍኩት ኤል 1ና ኤል 5 የሚቀበል፣ በደብል ኤ ድንጋይ የሚሠራ፣ ስክሪኑ ፀሐይ ላይ የሚነበብ፣ አዲንዳን ዴተም ያለው ነው። ለእያንዳንዱ መሣሪያ ሁለት ጥንድ ኒኬል ድንጋይ፣ ለሁለት መሣሪያ ደግሞ አንድ ቻርጀር አብሮ እንዲገዛ አስገብቻለሁ፤ የመላኩ ምክር ነው። ቻርጀሩ በዩኤስቢ የሚሠራ ይሁን ብያለሁ፣ በአነስተኛ ሶላር ወይ በፓወር ባንክ ቀበሌ ላይ እንዲሞላ። 67ን የተውነው ስለማይረባ አይደለም፤ የሰመራ የአምስት ዓመት ጥያቄ አሳስቦን ነው። ኢትሬክስ ኤስኢን ደግሞ ስክሪኑ ትንሽና ነጭና ጥቁር ስለሆነ፣ ካርታም ስለማይጫንበት ተውነው፤ ለልማት ሠራተኞች የውኃ ነጥብ መመዝገቢያ ግን ያዋጣል ብለን ለግብርና ጽሕፈት ቤት ነግረናል። ወጣቶቹ ስልካቸውን ይዘው ፎቶውንና ስሙን ይሞላሉ፣ ነጥቡ ከጂፒኤስ ይመጣል።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ያ አዲንዳን ላይ የተገኘው መሣሪያ ውስጥ ብዙ ነጥቦች ተቀምጠዋል። አሁን ሴቲንጉን ወደ ደብሊውጂኤስ ብመልሰው ነጥቦቹ ይበላሻሉ?

---

ጋሽ_ትሪፖድ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡30

አይበላሹም ልጄ፣ አትፍሪ። መሣሪያው ነጥቡን ውስጡ የሚያስቀምጠው በደብሊውጂኤስ 84 ነው፤ አዲንዳን ያልሽው ሲያሳይሽ ብቻ ነው የሚቀይረው። በጂፒኤክስ ፋይል ወደ ኮምፒውተር ስታወጪውም በደብሊውጂኤስ ነው የሚወጣው።

የሚያስቸግርሽ ከስክሪኑ ላይ እየታየ በእጅ ቅጽ ላይ የተጻፈው፣ ከዚያም ኤክሴል የገባው ነው። ያ መሣሪያ የሄደባቸውን ቀበሌዎች ለዪ። ከየቀበሌው ከቅጹ ላይ በሳተላይት ምስል የሚታይ አንድ ነገር ምረጪ፤ ድልድይ፣ የትምህርት ቤት ጣሪያ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት። ቁጥሩን ምስሉ ላይ ስታስቀምጪው ወደ ደቡብ ሁለት መቶ ሜትር ገደማ፣ ወደ ምዕራብ ደግሞ ከመቶ በታች ከሸሸ፣ የዚያ ቀን ቅጽ በሙሉ አዲንዳን ነው። ከተገጣጠመ አትንኪው። በየቀኑ ለየብቻ ፈትሺ፤ ሴቲንጉ በመሐል ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።